አህያ ምን አጠፋች?
(ተረት በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት)

ሥነ ቃል ሲነሣ እኛ ተማሪዎች አንድ አፍ ነን። «የሕዝብ ጥበብ፣ የአባቶች ቅርስ» እንላለን፤ እናጨበጭባለን፤ ከዚያ ወደ ልቦለዳችንና ወደ ግጥማችን እንመለሳለን። ተረትን እንደ ማንኛውም የጥበብ ሥራ አስቀምጦ የሚሄስ፣ ይኸኛው ይበጃል ያኛው አይበጅም የሚል ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። ተረት ዛሬ የምሽት ጨዋታ ብቻ አይደለምና፤ ትምህርት ቤት ገብቷል። ገና ፊደል ላልለየ ልጅ ከሚቀርብለት የመጀመሪያ ሥነ ጽሑፍ ዋነኛው ተረት ነው። እንግዲህ ሂስ አጥብቆ የሚያስፈልገው የትኛው ጽሑፍ ነው ብትሉኝ ይህ ነው እላለሁ፤ አንባቢው መልሶ ሊከራከር የማይችል ሕፃን ነው።

ለአብነት ምሥራቅ ጎጃምን፣ በተለይም ብቸናንና ሞጣን እይዛለሁ። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚያ አገር ልጁ በቤቱ የሚናገረውም ትምህርት ቤት የሚጠብቀውም ቋንቋ አማርኛ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ሲል ለብቸናው ልጅ አዲስ ነገር አላመጣለትም፤ ቀድሞም በቋንቋው ነበር የሚማር። ስለዚህ ማንበብ ቢያቅተው «ቋንቋው ባዕድ ሆኖበት ነው» የሚለው ሰበብ እዚያ አይሠራም። ሁለተኛ፣ አገሩ የትምህርት አገር ነው። ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ መርጡለ ማርያም በዚያው በምሥራቅ ጎጃም ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች መካከል ደብረ ወርቅና ዲማ ይገኙበታል።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከተሰጣቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። ሁለት ዓመት ተቀምጠው አንዲት ቃል! በዚያው ዓመት የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ደግሞ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ «ኦ ክፍል» (ዜሮ ክፍል የሚሉትም አሉ) እንዲከፈት መንገድ ጠረገ። ክፍሉ ተከፈተ። በክፍሉ ውስጥ ምን ይነገር የሚለው ጥያቄ ግን ከክፍሉ መከፈት ጋር አብሮ አልተመለሰም። ብዙ ሰው «ተረት ይነገር!» ይላል። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ነገር ግን የትኛው ተረት? እንዴትስ ተብሎ?

አስቀድመን የቄስ ትምህርት ቤቱን ዘዴ እንይ። ልጁ ሀሁን በዜማ ይቆጥራል፤ አቡጊዳ ይላል፤ ከዚያ ንባብ ይገባና የዮሐንስን መልእክት በግዕዝ ይደግማል፤ ዳዊት ይከተላል። የሚያነበውን አይረዳውም። እኛ ዘመናውያን ይህን «የበቀቀን ትምህርት» እያልን እንሳለቅበታለን። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ አፍና ጆሮ አብረው ይሠራሉ። ልጁ ብቻውን አፍጥጦ አይቀመጥም፤ ይቀበላል፣ ያቀብላል፣ ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ትርጉሙን ይዞ ሲመጣ ድምፁን ከደጅ ጣለው። ተረት እነዚህን ሁለቱን የሚያስታርቅ ነው። ቋንቋው ይገባል፣ ድምፁም አለ። የተረት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው እንጂ «ሥነ ምግባር ያስተምራል» በሚለው ላይ ብቻ አይደለም።

ይህን ለማየት ከአንድ የመጽሐፍ ርእስ በላይ አያስፈልገንም። ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ከመታተሙ አሥር ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙትን የተረት መጽሐፍ «ተረት ተረት የመሠረት» ብለው ሰየሙት። ብዙዎቻችን ርእሱን እንደ አንድ ሰው ንግግር ነው የምናነበው። ልብ በሉት እንጂ! «ተረት ተረት» የተራኪው ነው፤ «የመሠረት» ደግሞ የሰሚው መልስ ነው፤ ሌላው «የላም በረት» እንደሚለው ማለት ነው። ደራሲው በአንድ ሽፋን ላይ ሁለት አፍ አስቀመጡ። ሰሚው ካልመለሰ ተራኪው አይጀምርም፤ መልሱ የፈቃድ ቃል ነው። ሲጨርስ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ተረት የሰማ ሰው ባለዕዳ ነው ማለት ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው በሌላ ተረት ነው።

አሁን ይህ ሥርዓት ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን እንይ። መምህሩ ያነባል ወይም ይናገራል፤ ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይሰማሉ፤ ሲያልቅ «እሺ ልጆች፣ ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» ይባላል። አንዱ የተለመደውን ይመልሳል፤ ይጨበጨብለታል፤ በቃ። የሰፈሩ ተራኪ «ተረቴን መልሱ» ሲል የልጁን ተረት ነው የሚጠይቀው፤ ትምህርት ቤቱ ግን የራሱን መልስ መልሶ እንዲሰጠው ነው የሚጠይቀው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። በመጀመሪያው ልጁ ተራኪ ይሆናል፤ በሁለተኛው ፈተና ተፈታኝ ይሆናል።

ይህ እንደማይቀር ዕጣ የሚታይ አይደለም። አባባ ተስፋዬ ከ1957 እስከ 1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ ልጆቹን ከፊታቸው አስቀምጠው ነበር፤ ልጆቹም በተራቸው ያወሩ ነበር። ቴሌቪዥን የሚያህል አንድ ወገን ብቻ የሚናገርበት ዕቃ ለሰሚው ቦታ ከሰጠ፣ መምህሩና ልጁ ዓይን ለዓይን የሚተያዩበት ክፍል እንዴት ያቅተዋል?

ወደ ራሱ ወደ ተረቱ ልግባ። የአህያዋን ተረት የማያውቅ የለም። ድርቅ ይሆናል። አራዊቱ ይሰበሰቡና «ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነው ዝናቡ የቀረው፤ ሁላችንም እንናዘዝ» ይላሉ። አንበሳ ከመንደር ገብቶ በሬ መብላቱን ይናገራል። «ለጌታችን ይህ ምኑ ኃጢአት ነው!» ይሉታል። ነብር ፍየል መንጠቁን ይናዘዛል፤ ጅብ በግ መስረቁን ይናዘዛል፤ እርስ በርሳቸው ይቅር ይባባላሉ። በመጨረሻ አህያ «ጌታዬ ከሰው ጋር ቆሞ ሲጫወት፣ ከመንገዱ ዳር ጥቂት ሣር ቀጨም አድርጌአለሁ» ትላለች። «ለካ አንቺ ነሽ ያስጨረስሽን!» ብለው ተረባርበው ይበሏታል። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥም ይህ ተረት ይገኛል።

የብቸና ልጅ አህያን ከሥዕል አይደለም የሚያውቃት። ጤፍ ተጭና ገበያ ስትወርድ ከኋላዋ የሚነዳት እሱ ነው፤ ሣር ቀጨም ስታደርግ በዱላ የሚመልሳትም እሱው ነው። ስለዚህ ይህን ተረት ሲሰማ ሆዱ ይላወሳል፤ «እንዴ! አህያ ምን አጠፋች?» ይላል። በዚህች ጥያቄ ውስጥ ፍርድ፣ ሥልጣን፣ ይሉኝታ፣ ሁሉም አለ። የስድስት ዓመት ልጅ ያለ ማንም ረዳት እዚህ ደርሷል።

ከተረቱ ግርጌ አንድ የምክር መሥመር መጻፍ አለበት ከተባለ ግን ምን ይጻፋል? «የሰው ንብረት አትንኩ» ይሆን? እንዲህ ያለ መምህር ሳያውቀው ከአንበሳው ጎን ተቀምጧል፤ አህያዋ ጥፋተኛ ናት ብሎ ፈርዷል። «እውነት መናገር ጥሩ ነው» ይሆን? እውነት የተናገረችው ተበላች እኮ! «እውነት አትናገሩ» ተብሎስ ሕፃን ይመከራል? ተረቱ ለምክር አይመችም፤ ታላቅነቱም ይኸው ነው። እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። ወይ ተረቱን ለምክሩ ሲባል ማለስለስ፣ አህያዋን ማትረፍ፣ አንበሳውን ይቅርታ ማስጠየቅ፤ ወይ ምክሩን ትቶ ተረቱን እንዳለ መተው። እኔ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ምክርን ከተረት ጋር አጋብተው ለትውልድ አስተምረዋል፤ ይህ ስሕተት ነው ወይ የሚል ይኖራል። አይደለም። እሳቸው ምክሩን ራሱን በግጥማቸው ኃይል ጥበብ አድርገውታል፤ ልጁ ምክሩን የሚይዘው ቃሉ በጆሮው ስለሚጥመው ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጣነው ግን ግጥሙን መውረስ ሲያቅተን ምክሩን ብቻ ወረስን። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና በቅኔው ቋንቋ ልናገር። ወርቅ አንጥረኛ አስቀድሞ ሰሙን ቅርጽ ያስይዛል፤ ሰሙ የሚቀልጠው በኋላ ነው። ሰሙ ቅርጽ ሳይዝ ወርቁን የሚያፈስ ሰው እጁ ላይ የሚቀርለት ጉብታ ነው። ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሰሙ ማለት ጅቡ፣ አህያዋ፣ ሣሩ ነው። እሱን በደንብ ይያዝ፤ ወርቁ በአሥራ አምስት ዓመቱም በሠላሳ ዓመቱም ይወጣል።

«ይህ ሁሉ የጆሮ ነገር ነው፤ ማንበብስ መቼ ይማራል?» ለሚለኝ መልሴ ሌላ ተረት ነው፤ የአይጦች ጋብቻ። አይጦች ለልጃቸው ከዓለም ሁሉ የበረታ ዘመድ ይፈልጋሉ። ወደ ፀሐይ ይሄዳሉ፤ ፀሐይ ወደ ደመና ትልካቸዋለች፤ ደመና ወደ ነፋስ፣ ነፋስ ወደ ተራራ ይልካቸዋል፤ ተራራው ደግሞ ከሥሩ እየቆፈረች ያስቸገረችውን አይጥ ያሳያቸዋል። ይህ ተረት በህንድም በጃፓንም ይነገራል፤ እኛ ብቻ ነን ባለቤቱ አንልም። ግን አነጋገሩን እንይ። «ከእኔ ደመና ይበልጣል። ከእኔ ነፋስ ይበልጣል። ከእኔ ተራራ ይበልጣል።» ዐረፍተ ነገሩ አንድ ነው፤ የሚለወጠው አንድ ቃል ብቻ። ዘወትር የሚመላለሱት «ከእኔ» እና «ይበልጣል» የሚሉት ሁለቱ ቃላት የያዙት የተለያየ ፊደል ሰባት ብቻ ነው። 33ቱን ፊደላት በሰባት ቤት አባዝተን 231 ሆሄ ልጁ ፊት ከምንዘረግፍ፣ በሰባት ፊደል ሦስት ዐረፍተ ነገር ለማንበብ መንደርደሪያ ይሆነዋል። መጨረሻ ላይ «ከእኔ አይጥ ትበልጣለች» ሲመጣ ደግሞ «ይ» ወደ «ት» መለወጧን በዓይኑ ያያል። ይህን ሰዋስው በአፉ ድሮ ያውቀዋል፤ አሁን መልኩን አገኘው። ልጁ የሚመጣውን ቃል አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የሚቀረው ከፊደሉ ጋር ማገናኘት ነው። ስለዚህም መጽሐፉ ከመከፈቱ በፊት ተረቱ ሁለት ሦስት ቀን በአፍ ይነገር፣ ልጆቹም ይናገሩት። «ተዚያ» የሚለው ልጅም «ከዚያ በል» ተብሎ በመሐል አይቋረጥ፤ የመጽሐፉን አጻጻፍ ሲያነብ ይለየዋል።

በዚሁ ተረት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የሚዳረውን ልጅ ማንም አልጠየቀውም! ልጆች በልጅነታቸው ይዳሩ በነበረበት አገር፣ ከአንደኛ ክፍል ልጃገረዶች አንዷ «ልጅቷስ ምን አለች?» ብላ ብትጠይቅ መምህሩ «ዝም በይ፣ ትምህርቱ ስለ ኩራት ነው» ይበላት? የተዘጋጀ ምክር ያለው መምህር ይህን ጥያቄ አይሰማውም። ምክር የሌለው ይሰማዋል።

እስካሁን ለተረት ጠበቃ ሆኜ ተናገርሁ። አሁን ደግሞ ከሳሽ ልሁን። ተረት ሁሉ ክፍል ይግባ አልልም። ቀጥቃጩ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው፣ ሸክላ ሠሪዋ በዓይኗ ትበላለች የሚለው የቡዳ ተረት በጎጃም ገጠር በሰፊው ሲነገር የኖረ ነው። አነጋገሩ ያስፈራል፣ ያስቃል፣ በጥበብ ረገድ ከአህያዋ ተረት አያንስ ይሆናል። ግን የቀጥቃጩ ልጅ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። አባቱ ማረሻውን ለሁሉም አባቶች የሠራ ነው። ተረቱ ሲነገር የክፍሉ ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል፤ በማግሥቱ ትምህርት ቤት የማይመጣው ማን እንደሚሆን ትንቢት አያስፈልገውም።

«አንድ ጊዜ ተረት አይለስልስ ትላለህ፣ ሌላ ጊዜ አይነገር ትላለህ» እንዳትሉኝ መለኪያዬን ላስቀምጥ። ማን በማን ይሥቃል? ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ሲል የሚሣቅበት ትልቁና ጉልበተኛው ጅብ ነው፤ ጦጣ አንበሳን ስታታልል ደካማው ጉልበተኛውን ይረታል። ይህ ተንኮል ቢኖርበትም ይነገር፤ ልጅ ደካማ ነውና የደካማን ብልሃት ይወቅ። በአህያዋ ተረት ደግሞ ማንም አይሥቅም፤ ሰሚው ከተበላችው ጋር ይቆማል። በቡዳው ተረት ግን ብዙኃኑ በአንዱ ላይ ይነሣሉ፤ አራዊቱ በአህያዋ ላይ እንደ ተነሡት ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ለልጅ ክፍል ናቸው፤ የመጨረሻው ለእኛ ለተማሪዎች ጥናት ይቆይ። ይጠና፣ ይመዝገብ፣ ይሄስ፤ ግን ለስድስት ዓመት ልጅ አይሰጥ።

«ተረት ውሸት ነው፤ ዘመኑ የሳይንስ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ልጁ ግን እንደ እነሱ አልተሞኘም። ጅብ ቁርበት ላይ እንደማይቀመጥ፣ ቁርበቱን እንደሚበላው ያውቃል፤ የሚሥቀውም ስለሚያውቅ ነው። ያልሆነውን ነገር ያልሆነ መሆኑን እያወቁ ለጊዜው እንደ ሆነ መቁጠር የሥነ ጽሑፍ ሁሉ መጀመሪያ ነው፤ «ይህ ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቅም የሳይንስ ነው። ተረት የሚያሞኘው ተረት ሰምቶ ያደገውን ሳይሆን «ተረት ነው» ብሎ የናቀውን ነው።

ስለ መሰብሰቡም አንድ ቃል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤሊዛቤት ሌርድ የተባለችው እንግሊዛዊት ደራሲ በብሪቲሽ ካውንስል አማካይነት በክልሎቹ እየተዘዋወረች ከተራኪዎች አፍ ተረት ሰብስባለች። ሥራው ቀላል የእንግሊዝኛ ማንበቢያ ለትምህርት ቤቶቻችን ለማዘጋጀት የታሰበ ነበር። ድካሙ የሚመሰገን ነው፤ ጥፋቱም የእሷ አይደለም። ግን እስቲ አስቡት፤ የገጠሩ ተረት ወደ ገጠሩ ልጅ የሚመለሰው በእንግሊዝኛ ሆኖ ነው። በራሱ በልጁ አማርኛ፣ ተራኪዋ እንደ ተናገረችው፣ ለመጀመሪያ ዓመት የሚሆነውን መርጦ ማዘጋጀት የማን ሥራ ነበር? የእኛ ነበር። አሁንም ነው።

ጊዜውም አጣዳፊ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ሳያስተምሩ ቀርተዋል፤ ምሥራቅ ጎጃምም ከዚህ አልዳነም። በስድስትና በሰባት ዓመቱ መግባት የነበረበት ልጅ በዘጠኝና በዐሥር ዓመቱ ሀሁ ሊል ይመጣል። ከታናሹ ጋር አንድ ክፍል ይቀመጣል። ለሕፃን ተብሎ የተጻፈ «አበበ በሶ በላ» ዓይነት ነገር ቢሰጡት ያፍራል፤ ትልቅ የሚያነበውን ቢሰጡት ያቅተዋል። ዕድሜ የማይለየው ጽሑፍ ተረት ነው። ታናሹ በጅቡ ይሥቃል፤ ታላቁ፣ ብዙ ያየው፣ አህያዋ ምን እንዳጠፋች ይጠይቃል። ያ ጥያቄ ለእሱ ጨዋታ እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን።

እንግዲህ ሐሳቤን ላጠቃልል። ተረት በመጀመሪያው ዓመት ይግባ፤ ሲገባ ግን ከነመልሱ ይግባ። አስቀድሞ ይሰማ፣ ከዚያ ይነገር፣ ከዚያ ይነበብ። ከግርጌው ምክር አይጻፍ፤ በምክሩ ፋንታ «ተረቴን መልሱ» ይባል፣ ልጁም የራሱን ያምጣ። ሲመረጥም ማን በማን እንደሚሥቅ ይታይ። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ መምህሩ አፉን ዘግቶ የሚሰማበት አሥር ደቂቃ ያስፈልጋል፤ እሱ ነው ከባዱ።

ከመካከላችን ለእረፍት ወደ ብቸናም ሆነ ወደ ሞጣ የሚወርድ ቢኖር፣ ደብተሩን ይዞ ከአያቱ ጎን ይቀመጥ። አነጋገሯን አያሳምርላት፤ «ተዚያ» ካለች «ተዚያ» ብሎ ይጻፍ። የሰበሰበውን ለዚህ መጽሔት ይላክና እንሂሰው። የማይስማማም ካለ ይጻፍብኝ፤ ተረት ቢሆን ያለ መልስ አይጀመርምና፣ ሂስም ያለ መልስ እንዳይቀር።